ጨምር!

ለአቅመ አዳም ከደረስኩ ቆይቻለሁ፤ ለአቅመ ሚክሰር የደረስኩት ግን ባለፈው ጥር ነው። ይቺ የድምፅ ማቀላቀያ ዕቃ ከጫማ ካርቶን ታንሳለች። ቁልፎቿን መቁጠር ጀምሬ 30 ላይ ስደርስ ተውኩት።

የአክስቴ ልጅ መልስ ጎባ ነው ሲባል «ድምፁም ቀረጻውም በእኔ ይሁን» ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከምኖርበት ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚክሰሯን እንደ ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ሄድኩ። ሞንታርቦው እዚያው ተከራይቶ ቆሟል። (ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ፋብሪካውን ረስተን፣ ሰፈር የሚያናውጥ ስፒከር ሁሉ ሞንታርቦ ብለነዋል።)

ጠዋት ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ከሳነቴ የሚወርደው ነፋስ ድንኳኑን ሲያርገበግበው ማይኩ ውስጥ ጉርምርም ይላል፤ 80 የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩት፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ጉርምርምታ ጋብ አለ። ቀጥሎ 48 ቮልት የሚለውን ቁልፍ ለማሲንቆው ማይክ ስከፍት የአጎቴ ልጅ እጄን ያዘኝ፤ «ሽማግሌዎቹ ላይ ኤሌክትሪክ ልትለቅ ነው?» ማይኩ እንጂ ሰው እንደማይበላው ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት» አልኩ፤ ቀስ ብዬ፣ እንደ ጨዋ ልጅ። አረንጓዴ በራ። ላፕቶፑም ቀዳ። ኮራሁ።

ችግሩ፣ ምርቃት «አንድ፣ ሁለት» አይደለም። ትልቁ አጎቴ ማይኩን ተቀብለው ሆዳቸው ላይ እንደ መቋሚያ ያዙት። ከኋላ «አይሰማም! ጨምር!» ተባለ። እኔም ጨመርኩ፤ ግን ፌደሩን ሳይሆን ጌይኑን። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ጌይን ወጡ ሲሠራ የሚገባው ጨው ነው፣ ፌደር ጭልፋው ነው። ጨው የበዛበትን ወጥ በጭልፋ ቀንሰህ ብታቀርበው ትንሽ፣ ግን ያው ጨው የበዛበት ወጥ ነው። ጨው ከጨመርኩ በኋላ አጎቴ ማይኩን ከሆዳቸው ወደ አፋቸው አመጡት። ቀይ በራ። በላፕቶፕ ቀረጻ ዜሮ ዴሲቤል ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ የወጣ ድምፅ ጭንቅላቱን ተቆርጦ ይቀራል፣ በኋላ የሚቀጥልለት ሐኪም የለም። እናም «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚለው ምርቃት ላፕቶፔ ላይ እንደ ወፍጮ ቤት ተቀመጠ። «ጨምር!» ያሉት ግን ደስ ብሏቸዋል፤ የሰርግ ድምፅ እንዲህ ነዋ።

አጎቴ ሞቅ ሲላቸው እየመረቁ ተራመዱ፤ ተራምደውም ሞንታርቦው ፊት ቆሙ። ማይኩ ከሞንታርቦው የወጣውን የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል፣ መልሶ ይልካል፣ ሞንታርቦው አጉልቶ ይመልስለታል። እንደ ሐሜት ነው፣ ዞሮ በመጣ ቁጥር ይገዝፋል። ሲያፏጭ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ፤ ውሻው አጥር ዘለለ፤ እኔ ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ወደ ግራ አዞርኩ። ሕዝቡ ግን «አሜን!» አለ። ፉጨቱን ከምርቃቱ የቆጠረው ይመስለኛል።

ምሳ ሲቀርብ ጌይኑን ጠዋት ወደነበረበት መልሼ፣ ዋናውን ፌደር እስከ ታች ዘግቼ ልበላ ሄድኩ። ሞንታርቦው ዝም አለ። የእኔዋ ሚክሰር ግን ለላፕቶፑ የምትሰጠው ድምፅ ከዋናው ፌደር በፊት የሚቀዳ ነው፤ ሞንታርቦው ቢታፈንም ላፕቶፑ ይሰማል። ማይኩም ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ከመሶቡ አጠገብ ተኝቷል።

ማታ ሮቤ ገብቼ ሳዳምጥ ከቀኑ ቀረጻ ሁሉ ጥርት ያለው ይሄ ሆኖ አገኘሁት። ፉጨት የለ፣ ቀይ የለ፤ እንጀራ ሲቆረስ ሳይቀር ይሰማል።

«ይሄ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ምን ይነካካል?»

«ተዉት፣ ሥራ ያለው እንዲመስል ነው።»

«ባለፈው ሰርግ እኮ ሞንታርቦው ብቻውን ነበር፤ ምን ጎደለ?»

ትንሽ ዝምታ። አጥንት ሲጋጥ ይሰማል። ከዚያ የትልቁ አጎቴ ድምፅ፣ ለአስተናጋጇ፦

«ልጄ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል።» ቀጥሎም፣ ጥርት ባለ ድምፅ፦ «እስቲ ጨምሪልኝ።»