ሐበሻን ቱሪስት ለማድረግ ከእሪ በከንቱ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር ዜሮ ዜሮ

ስማ! ስማ! ስሚም! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መስማሚያ ይንሳው የመንገደኛን ጠላት! መስማሚያ ይንሳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ድረሱ ብሎ ራሱ 2 ሰዓት ተኩል ቁርሱን በልቶ የሚመጣውን ሹፌር!

ድሮ አዋጅ የሚለፈፈው በአራዳ ገበያ፣ ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። ገበያውን ጣልያን ወደ መርካቶ ወሰደብን፤ ነጋሪቱም ጋዜጣ ሆኖ ቀረ። የመለፈፍ ርስታችንን ግን እስከ ዛሬ ማንም በጨረታ አልገዛውም። ስለዚህ እኛ ከፒያሳ ቁልቁል የምንኖር፣ የኖርን፣ ሌላ ቦታ ቤት ተሰጥቶንም ሰፈራችንን ስንጠየቅ አሁንም “እሪ በከንቱ” ብለን የምንመልስ ሰዎች እንደሚከተለው አውጀናል።

የአገሪቱ መንገድ ርቀት የሚቆጠረው ዛሬ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከቆመበት፣ ከደጃችን ከዜሮ ኪሎ ሜትር በመሆኑ፤ ከዜሮ አጠገብ ተወልዶ ዜሮ ላይ መቅረትም ነውር ሆኖ በመገኘቱ፤

ከዚህ ተነሥቶ በዝዋይ፣ በሻሸመኔ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ 770 ኪሎ ሜትር ያህል የወረደ ሰው ሞያሌ ላይ ኬንያን ስለሚያገኝ፤ ከሞያሌም ናይሮቢ ያንኑ ያህል ስለሚርቅ፤

ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ፣ ኬንያዊም ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ቪዛ የማያስፈልገው ሆኖ ሳለ የሰፈራችን ልጅ ከድንበር ወዲያ አጥርቶ የሚያውቀው የአርሴናልን አሰላለፍ ብቻ በመሆኑ፤

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ንግዱንም የውጭ ጉዳዩንም ጠቅልለው የሰጡት የአራዳውን ገበያና ጉምሩክ ይመሩ ለነበሩት ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በመሆኑ፤ ዛሬ ኢትዮጵያን ከኬንያ የሚለየውን ወሰን የሚመለከተው ስምምነትም ከእንግሊዞች ጋር የተፈረመው በዚያው ዓመት በመሆኑ፤ በዚህም የተነሣ ኬላና ድንበር ከቅድመ አያት ጀምሮ የሰፈራችን ጉዳይ መሆኑ ስለተረጋገጠ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ “ሐበሻም ቱሪስት ነው አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ያልጠቀሰውም አይቀጣም።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ “ቱሪስት” ማለት እስከ ዛሬ በአራዳ ልማድ ከጣይቱ ሆቴል ብቅ የሚል፣ ከቁመቱ የሚበልጥ ሻንጣ ያዘለ፣ በክረምት ቁምጣ የሚለብስ ፈረንጅ ነበር። ይህ ሰው ከሞያሌ ወዲያ ያለው መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት ከኬንያዋ ከኢሲዮሎ ጀምሮ በከብት ጭነት መኪና ላይ ተፈናጦ፣ የማርሳቢትን አቧራ ጠጥቶ ይመጣና በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ሜጋና ስለ ያቤሎ ያስረዳናል። እኛም ማኪያቷችንን እያማሰልን “እውነት?” እንለዋለን። አገራችንን ከእርሱ እየተማርን አረጀን። ከዛሬ ጀምሮ ግን “ቱሪስት” ማለት ሥራ ሳይፈልግ፣ ዕቃ ሳያመላልስ፣ ዘመድ ሳይጠራው፣ ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ ለማየት ብቻ ድንበር የሚሻገር ማንኛውም ሰው ነው፤ እናትና አባቱ ሐበሻ ቢሆኑም።

“ኬላ” ማለት ገመድ ኖረውም አልኖረው “ወንዶች ውረዱ! መታወቂያ!” የሚል ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ጥያቄና መልስ። ወደ ዱባይ የሚበር ሰው “ለመዝናናት ነው” ቢል የሚደነቅ የለም። ይኸው ቃል በአውቶቡስ ከመጣ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ቀልድ ይመስላል። ነገሩ በእኛ ብቻ አልተጀመረም፤ በ2010 ዓ.ም. የኢንተርኔት ቪዛ ሲፈቀድ የሚያገለግለው በቦሌ ለሚገባ እንግዳ ብቻ ነበር። በሞያሌ የሚመጣው ፈረንጅ አስቀድሞ ከኤምባሲ ቪዛ አስመትቶ መምጣት ነበረበት። እንግዳ ማለት ክንፍ ያለው ነው የሚል ያልተጻፈ ሕግ ያለ ይመስላል። ፈረንጁ ክንፍ ሳይኖረው ሲመጣ ቢያንስ “ምስኪን፣ ጀብደኛ ነው” ይባላል። ሐበሻው ሲሄድ ግን የሚከተለው ይደርስበታል፦

“ወዴት ነህ?”

“ናይሮቢ።”

“ለምን?”

“ለጉብኝት።”

“ማንን?”

“ቀጭኔ።”

“ቀጭኔ እዚህስ መቼ ጠፋ?”

“አለቃ፣ የናይሮቢው ከተማው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ከጀርባው ፎቅ ይታያል።”

“ካየኸው በኋላስ?”

“እመለሳለሁ።”

“እስቲ ተመልሶ የመጣ ጥራልኝ!”

እዚህ ላይ አዋጁ ራሱ ትንሽ ቆም ይላል፤ ጠያቂው ከመሬት ተነሥቶ አልጠየቀምና። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ተነሥተው ደቡብ አፍሪካን ያለሙ ወጣቶች የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የተገኙት 64 ሬሳዎች የኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ሰምተናል። የሰፈራችን እናት ልጇ “ሞያሌ” ሲላት ድስቱን ጥላ የምትጮኸው ስለዚህ ነው፤ የአለቃም ጥርጣሬ የእርሷው ጩኸት ዩኒፎርም ለብሶ ነው። ስለዚህ ይህ አንቀጽ ጠያቂውን አይከስም። የሚሸሸውን ከሚጎበኘው የሚለይበት ማስረጃ ግን ይሰጠዋል፦ የሚሸሽ ሰው የሚፈልገው መሸሸጊያ ነው። ሌሊት ተነሥቶ፣ ከተራ አስከባሪው ጋር ተጨቃጭቆ፣ የመስኮት ወንበር ያስከበረ ሰው ቱሪስት ነው። ይለፍ።

አንቀጽ 4። ስለ ማኅተም። ሞያሌ ላይ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የተመረቀ የጋራ ኬላ አለ። በእንዲህ ያለ ኬላ መንገደኛው የመውጫውንም የመግቢያውንም ማኅተም የሚያስመታው በሚገባበት አገር በኩል፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሁለት ወረፋ አንድ ሆነ ማለት ነው። ወረፋ የለመደ የአዲስ አበባ ሰው አንደኛው በመቅረቱ ቅር ቢሰኝ፣ ማኅተሙን ካስመታ በኋላ ዞሮ መጥቶ በፈቃዱ ሊሰለፍ ይችላል።

ቱሪስቱ ፓስፖርቱን ጨብጦ ቆሞ ሳለ አንድ የቦረና ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው በአጠገቡ ቢያልፉ አይደነቅ። ዘመዶቻቸው በሁለቱም አገር ናቸው። ወሰኑ ሳይሰመርም ሆነ ከተሰመረ በኋላ ከብቶቻቸው የሚሄዱት ውኃና ሣር ወዳለበት ነው። በምኒልክ ዘመን ወሰኑን ለእንግሊዞች ሲቆጣጠር የነበረው ዛፊሮ የሚባል ግሪክ ነበር። እኛ በአራዳ ግሪክ የምናውቀው በግሮሰሪና በዳቦ ቤት ነው፤ ይህኛው በረሃ ወርዶ ባለ ወሰን ሆነ። ሁለቱ አገሮች በ1962 ዓ.ም. ወሰኑን በውል አጸኑት። ከብቶቹ ግን አልፈረሙም።

አንቀጽ 5። ስለ ግራና ቀኝ። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሰኔ ወደ ቀኝ ዞረች። ኬንያ እንግሊዝ እንደተዋት በግራዋ ቀረች። በመሆኑም ሞያሌ ላይ መኪና ሁሉ ጎኑን ይቀይራል። የኬንያ አውቶቡስ በሩ በግራ ነው፤ ቱሪስቱ በቀኝ በኩል ቆሞ “ረዳት፣ ክፈትልኝ እንጂ!” እያለ ቆርቆሮ ቢደበድብ አዋጁ አይደርስለትም። መንገድ ሲያቋርጥ ግን አንሰጋለትም። በአራዳ ያደገ ልጅ መኪና ከፊትም ከኋላም፣ ከእግረኛ መንገድም ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል።

አንቀጽ 6። ስለ ዘመን። ድንበሩን የረገጠ ቱሪስት በአንድ እርምጃ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይመረቅለታል። የተመረቀለትን ዓመት ለጡረታ ማስቆጠር ክልክል ነው። ሲመለስ ዓመቱን ለአገሩ ያስረክባል። በመካከሉ የተበደረው ገንዘብ ካለ ግን አበዳሪው በፈለገው ዘመን ሊጠይቀው ይችላል።

ሰዓትን በተመለከተ ቱሪስቱ ብዙ አይንቦቅቦቅ። ኬንያዊ በእንግሊዝኛ ከጠዋቱ 9 ሰዓት የሚለውን በስዋሂሊ “ሳ ታቱ” ይለዋል፤ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ቀኑን ከንጋት የምንቆጥር እኛ ብቻ የመሰለን እናፍር። አደጋው ትኬቱ ላይ ነው፤ ትኬት የሚጻፈው በእንግሊዙ አቆጣጠር ስለሆነ 9 የሚለውን አይቶ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው አውቶቡሱን የሚያገኘው ማርሳቢት ነው።

አንቀጽ 7። ስለ ስንቅ። ይህን አንቀጽ ስናረቅቅ የሰፈሩ እናቶች ስብሰባ ረግጠው ሊወጡ ነበር፤ በሽምግልና ነው የተስማማነው። በስምምነቱ መሠረት በሶ ይፈቀዳል። ድርቆሽ ይፈቀዳል። በርበሬ በሚያስነጥሰው ፈታሽ ዘንድ ጥርጣሬ እንዳያሳድር በሁለት ፌስታል ይታሰር። ሽሮ ግን የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ብዙው የሞያሌ አውቶቡስ ናይሮቢ ሲደርስ ሰውን የሚያራግፈው ኢስሊ ነው፣ ኢስሊ ደግሞ ሐበሻ የሞላበት ሰፈር ነው፣ ሽሮ ሠሪው ብቻ ሳይሆን “ቡና ይፈላልህ?” ባዩም አለ። እነሆ የአዋጁ ትልቁ ፍርሃት፦ 1500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ሁለት ሌሊት ወገቡ ተቆርጦ፣ ኢስሊ ገብቶ ሽሮ አዝዞ፣ ከሐበሻ ጋር ስለ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አውርቶ፣ ቀጭኔውን ሳያይ የሚመለስ ሰው። ድንበሩን እግሩ ተሻገረ እንጂ ሆዱና ወሬው ፒያሳ ነው ያደሩት። እንዲህ ያለው ሰው ማኅተም ቢኖረውም እንዳልሄደ ይቆጠራል፤ ፈረንጁም በጣይቱ በረንዳ ላይ እንደገና ያስተምረዋል።

አንቀጽ 8። ስለ ምንዛሪ። ከኬላው በር ላይ “ሽልንግ! ሽልንግ!” የሚል ወጣት ፈገግታው ከባንክ ይበልጣል። ኪሳራውም እንዲሁ።

አንቀጽ 9። ስለ ብርድ ልብስ። በመልስ ጉዞ ከቱሪስቱ አጠገብ የተቀመጠች እህት “ወንድምዬ፣ ይህቺን ብርድ ልብስ ጉልበትህ ላይ ጣል አድርጋት፣ የምትበርድ አገር ናት” ብትለው፣ በያቤሎ ቀትር የሚበርደው ሰው እንደሌለ ያስታውስ። ቀጥላ ሁለት ጥንድ አዲስ ጫማ ታመጣለች፤ “አንዱን አድርገው፣ አንዱ ያንተው ነው በል” ትለዋለች። ኬላ ሲደረስ አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድንገት ብርድ በብርድ ይሆናል፣ እግሩም አዲስ ይሆናል። ሴትየዋ የምታሳድገው ልጅ እንዳላት እናውቃለን፤ ጨካኝ ሁን አንልም። ነገር ግን ቱሪስቱ “ለጉብኝት ነው የሄድኩት” ባለበት አፉ ሦስት ብርድ ልብስ ለብሶ ከተገኘ አንቀጽ 3 በሙሉ ከንቱ ይሆናል፤ ከእርሱ በኋላ የሚሄደውን ቱሪስትም የሚያምን አይኖርም። አይዞሽ ይበላት፣ ብርቱካኑን ያካፍላት፣ ብርድ ልብሱን ግን ይመልስላት።

አንቀጽ 10። የተሻሩ ልማዶች። “ሰው ያለ ጉዳይ ድንበር አይሄድም” የሚለው የሰፈር ብያኔ ተሽሯል። “ምን አመጣህልኝ?” የሚለው ጥያቄ “ምን አየህ?” በሚለው ተተክቷል። “ደርሰህ ደውል” አልተሻረም፤ ሊሻርም አይችልም።

አንቀጽ 11። በዚህ አዋጅ ቅር የተሰኘ ማንኛውም ሰው አቤቱታውን በሰፈራችን ስም መሠረት ማቅረብ ይችላል።

አንቀጽ 12። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ይህ አዋጅ አውቶቡሱ ሞልቶ ከመናኸሪያው ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሦስት ወንበር ይቀራል፤ ሁለቱ የመስኮት ናቸው። ና፤ ነይም፤ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ካርድ እንዳትረሱ።