ቡድኔ የተሸጠ ጊዜ

መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ጌም ቤት ውስጥ ያደገ ሰው፣ መብራት ድርግም ሲል የሚነሳውን ጩኸት ያውቀዋል። ባለ ካሴቱ ቲቪ ጌም ዘመን ጉዳቱ ቀላል ነበር። ሱፐር ማሪዮ ድሮም የት እንደደረስክ አያስታውስልህም፤ መብራት ሲመጣ እንደ አዲስ መዝለል ነው። ጃፓኖቹ ግን መላ ዘይደውለታል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ድራገን ክዌስት ጨዋታ ስታቆም 20 ፊደል ያለው የይለፍ ቃል ይሰጥሃል፤ ወረቀት ላይ ገልብጠህ፣ ስትመለስ ታስገባዋለህ። አንዷን ፊደል ከሳትክ አለቀልህ። (በእኔ የእጅ ጽሑፍ ቢሆን!) ዜልዳ የተባለው ጌም በ1987 አሜሪካ ሲገባ ደግሞ ካሴቱ ሆድ ውስጥ ክብ ባትሪ ተቀመጠለት። ባትሪዋ እስካለች የደረስክበት ይኖራል፤ ስትሞት አብሮ ይሞታል።

ፕሌይስቴሽን የመጣው ሜሞሪ ካርድ ይዞ ነው። የክብሪት ቀፎ የምታክል ግራጫ ነገር፤ 128 ኪሎባይት፣ 15 ብሎክ። ለዚያ ሁሉ የሰባተኛ ልጅ 15 ብሎክ! አንዱ ሴቭ ሊያደርግ የሌላውን ያጠፋል፤ ከዚያ ቡጢ ነው። ባለቤቱ ጋሼ ጠቡ ሲሰለቻቸው ካርዷን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባት። እኔ ግን ቡና እያመላለስኩ ሞገስ አግኝቼ ነበርና፣ ዊኒንግ ኢለቨን በተባለው የእግር ኳስ ጌም ያለኝን የማስተር ሊግ ቡድን የሚነካብኝ ጠፋ። ካስቶሎ የሚባለውን ተጫዋች አጥቂ አድርጌ ከታችኛው ዲቪዚዮን ልወጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ለፋሲካ አያቴ ዘንድ ከርሜ ስመለስ፣ ጌም ቤቱ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ማሽኖቹስ?»

«ሸጥኳቸው።»

«ሜሞሪዋስ?»

«እሷንማ ምርቃት ሰጠሁት።»

መርካቶ ውስጥ ሲመረቅ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የእግር ኳስ ቡድን ሲመረቅ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ገዥው ማን ነው ብል «አንድ የክፍለ ሀገር ሰው» አሉኝ። የትኛው ክፍለ ሀገር? እሳቸውም አልጠየቁትም። አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ወርጄ ግራጫ ካርድ ባየሁበት ሁሉ እየቆምኩ ነጋዴ አሰለቸሁ።

ደግነቱ ሜሞሪ ካርድ እንደ ዜልዳ ካሴት ባትሪ አይፈልግም፤ ፍላሽ ስለሆነ ያለ መብራትም ይይዛል። ስለዚህ ቡድኔ አንድ ቦታ፣ ሊጉ መሃል ላይ እንደቆመ ይሆናል። ካርዷ እጃችሁ ላይ ያለች አንባቢዎች፣ ልትመልሱልኝ ባትችሉ እንኳ ካስቶሎን አትሽጡብኝ።