ብዙም ያልተሠራበት

በአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ የለም። የሚሸጠው «ብዙም ያልተሠራበት» ነው። ሶፋው ላይ እንግዳ እንኳ አልተቀመጠም፤ ፍሪጁ ከተገዛ ጀምሮ ጥግ ይዞ ነው የኖረው። ባለቤቱ የሚሸጠውም ከፍቶት ሳይሆን «ወደ ውጭ ሊሄድ» ስለሆነ ነው። በቴሌግራም የሚለጠፈውን ሁሉ ያመነ ሰው ከተማው ለፋሲካ ባዶውን ይቀራል ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ከዚህ ይልቅ የቆራሌው ንግድ ደስ ይለኛል። እዚያ ቢያንስ ውሸቱ ፊት ለፊት ነው። ቆራሌው ማዳበሪያውን ከትከሻው አውርዶ የቀረበለትን ብረት ድስት በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል፤ «እማማ፣ ይሄ ምን ይሠራል?» እሳቸውም አይመለሱም፤ «የዱሮ ብረት እኮ ነው ልጄ! እንደ አሁኑ መሰለህ?» ለ10 ብር ልዩነት ግማሽ ሰዓት ይከራከሩና፣ ሁለቱም «ሸወድኩት» እያሉ በሰላም ይለያያሉ። ልዋጭ የመጣ ቀን ግን አባወራው ይጠንቀቅ፤ ጠዋት ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሱሪ ማታ ሳፋ ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል።

ከየሰፈሩ የተለቀመው ብረትና ቆርቆሮ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይገባል። በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ የተጣመመው በመዶሻ ሲደበደብ ውሎ ይቃናል። ጆሮ የሚያደነቁር ቦታ ነው። አሮጌ ዕቃ ላይ የምር ዋጋ የሚጨመረው እዚህ ይመስለኛል፤ ደህናው ትርፍ ግን መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ፣ ፎቶ አንስቶ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዘንድ ነው የሚያድረው።

ሰልባጁም እንደዚያው ነው። ከቦንዳ ተመዞ መሬት ላይ ሲከመር ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ነው የምናገላብጠው። ያው ሸሚዝ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ መብራት በበዛበት ቡቲክ ሲሰቀል «ከአሜሪካ የመጣ ኦሪጅናል» ይሆናል፤ ዋጋውን ስንሰማ ደግሞ «ኦሪጅናል ስለሆነ ነው» ብለን ባለቡቲኩን የምናግዘው እኛው ነን።

የሁሉ ቁንጮ ግን መኪና ነው። የእኛ ቪትዝ እያረጀች በሄደች ቁጥር ትወደዳለች። ምክንያቱ የተደበቀ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ባለቪትዙ ይህን ሁሉ የራሱ ብልጠት አድርጎ ነው የሚተርከው። «አምስት ዓመት ነዳኋት፤ በእጥፍ ሸጥኳት» ይላል ማኪያቶውን እያማሰለ። (ሲሸጣት ምን ብሎ እንደሆነ አይናገርም፤ ሴት የያዘቻት፣ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር መንገድ የማታውቅ ብሎ ነው። ጅማ ድረስ ሄዳ ቡና ጭና ታውቃለች።) ጓደኞቹ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አሁን ታዲያ ሌላ በስንት ልትገዛ ነው?» ብሎ ጨዋታውን የሚያበላሽ ባለጌ በመካከላቸው የለም። ነጋዴያችን ጥያቄውን ራሱ የሚጠይቀው በሳምንቱ ነው፤ ያን ሁሉ ትርፍ ይዞ ሲዞር፣ በብሩ የምትገኘው ከሸጣት መኪና የባሰች ሆና ያገኛታል። አሁን ጠዋት ጠዋት የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ ለተሰለፈው ሰው መኪና የሚሸጥበትን ጊዜ ያማክራል።

ደላላውን ሳናነሳማ ወጋችን አይሞላም። አንድ የማውቀው ሰው ሶፋ ሊቀይር ፈልጎ አሮጌውን በ40 ሺህ ብር እንዲሸጥለት ለሰፈሩ ደላላ ነገረ። ደላላው ለሌላ ደላላ ነገረ፤ ያም ለሦስተኛው። ፎቶው ከስልክ ስልክ እየተሻገረ በየደረሰበት ኮሚሽን ይደረብበት ነበር። ባለቤቱ በዚያው ሰሞን የሚገዛውን ሶፋ ሲያፈላልግ አንዱ ዓይኑ ገባ፤ ደልደል ያለ፣ መልከ መልካም፣ 65 ሺህ ብር። ከሶፋው ኋላ የሚታየው መጋረጃ የሚስቱ መሆኑን ያስተዋለው ከደወለ በኋላ ነው።

«ፈላጊው ብዙ ነው፤ ዛሬ ቀብድ ካልያዝክ ነገ አታገኘውም» አለው ደላላው።

«ትንሽ አይቀንስም?»

«ባለቤቱን አውቀዋለሁ፤ ከዚህ ንቅንቅ አይልም።»

ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ሶፋውን ዳር እስከ ዳር በእጁ ዳበሰው። ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ፣ ይህን የመሰለ ዕቃ በ40 ሺህ ብር ሊያሸጡት አሢረውበት እንደነበር በቁጣ ነገራት።