ከዘጌ መልስ

ባሕር ዳርን ያየ እንግዳ ዘንባባዎቿንና ሰፋፊ ጎዳናዎቿን ሳያነሣ አይሄድም። እኔን የሚደንቀኝ ግን ጎዳናዎቹ ሲነደፉ የሚሞላቸው ሰው ገና አለመምጣቱ ነው። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ማስተር ፕላኗን ሲያዘጋጅ ከተማዋ ትንሽ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው ነበር ይባላል። ይህን ያህል አርቆ ማየት ከየት ይመጣል?

ይህንኑ እያሰላሰልኩ ከዘጌ ስመለስ የጀልባችን ሞተር ቀጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ጠባዩ ይለወጣል። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች፤ የጌሾው እስር፣ የቡናው ከረጢት፣ የሎሚው ቅርጫት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተቱ ጀመር። ነጂው ልጅ ሞተሩን ከውኃ አውጥቶ ሲያየው አንድ ቀጭን የናይለን መረብ ተጠምጥሞበታል። በቢላ እየቆረጠ፣ ክሩን በጥርሱ እየጎተተ ብዙ ታገለ።

«እማማ፣ አይፈሩም?» አልኳቸው አጠገቤ ያሉትን እናት።

«ምኑን ልጄ! ጌሾዬ እንዳይረጥብብኝ እንጂ። ጌሾው ሲሸጥ ቆርቆሮ እገዛበታለሁ፤ ቡናው ሲለቀም ለአናጢ እከፍላለሁ፤ ምርጊቱ ከበጋ አያልፍም።»

ቤታቸውን ገና ሳይሠሩት ይኖሩበታል። ምኞታቸው ግን ተራ አለው፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ያውቁታል።

ባሕር ዳርም እንዲሁ ነው የቆመችው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ በ1953 ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተሠራ፤ በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ በ1956 ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ፋብሪካ፣ ባለሙያ፣ መብራት እየተደጋገፉ ከተማ ወለዱ። በ2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ 380 ሜትር ነው።

ሐይቁስ? ከ2004 ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ወርሮታል። ከከተማው ጎዳና ቆሞ ውኃውን ማየት የማይቻልበት ቦታም ብዙ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ሌላ ጀልባ ጎትቶን ስንደርስ ገበያው ተበትኗል። እማማ ቅር አላላቸውም፤ «ጌሾው ዘመድ ቤት ያድራል፤ ቆርቆሮው ለቅዳሜ» ብለው እስራቸውን አሸከሙኝ። እየተከተልኳቸው ለጣና የምመኘውን በእርሳቸው ተራ ደረደርኩ፤ መጀመሪያ ደንገል የተረፈበት ዳርቻ ይከለል፤ ቀጥሎ ሕፃንም አዛውንትም ሳይከፍል ውኃው ድረስ የሚሄድበት የእግር መንገድ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ሆቴሉም መዝናኛውም ቦታውን ይጠይቅ።