እማዬ፣ ካሜራውን ወደ ጓሮ አዙሪው

እሰይ! ናፍቆት ድል ሆነ። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ደብረ ማርቆስን የሚያይ ልጅ ከእንግዲህ በምን ይተክዛል? በአሜሪካ በጋ ማታ በ3 ሰዓት ከሥራ ይገባል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፎ ኢሞውን ነካ ሲያደርግ እናቱ ከች ትላለች። እሷ ዘንድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑ የፀሐይ ጥፋት እንጂ የልጁ አይደለም። ጋቢዋን ደርባ ትነሣለች። የማርቆስ የሌሊት ብርድ መቼም አይጣል ነው።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል።

«እማዬ፣ ጓሮውን አሳዪኝ።»

«ጨለማ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«የስልኩን መብራት አብሪው። ጌሾው አለ? ላሚቱስ? ወደ ግራ… አይ፣ ጣሪያውን ነው የማየው። ዝቅ አድርጊው። አሁን ደግሞ ግንባርሽን!»

ዕድሜ ልኳን ጀበና እንጂ ካሜራ ጨብጣ የማታውቅ ሴት በስተርጅና የፊልም ባለሙያ ሆነች፤ ያውም ያለ ደመወዝ። የኢንተርኔት ጥቅሉንም የምትሞላው እሷው ናት። ላሚቱ ታየች፤ ጌሾው ታየ፤ ምጣዱ ሳይቀር ታየ። ካሜራው ወደ ጓሮው ስለዞረ የእናትየው ፊት ብቻ አልታየም። ጉልበቷን እንደሚያማት ልትነግረው ስትል ልጁ ረክቶ፣ ናፍቆቱ ወጥቶለት እንቅልፍ ወስዶታል።

ለቅሶም ቀሎልናል። ዱሮ መርዶ በማለዳ በሽማግሌ ይነገር ነበር፤ ሐዘንተኛው መሬት ይቀመጥ፣ ወዳጅ ሊያጽናናው ይሰበሰብ ነበር። ዛሬ የእድሩ ሰው በአንድ እጁ ቃሬዛ፣ በሌላው ስልክ ይይዛል፤ ቀባሪው በቀጥታ ሥርጭት ይከታተላል። ሥርጭቱ ሲንቀጠቀጥ «ኔትወርኩን አስተካክሉ እንጂ!» ብሎ ይቆጣል። ከዚያ አንድ የሚያለቅስ ቢጫ ፊት ይልካል። ንፍሮ የለ፣ ድንኳን የለ፤ ነፍስ ይማር፣ አለቀ!

ምስኪኑ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ! ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ተማርከው ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ላይ ሲታሰሩ ኢሞ አልነበራቸውም። ጎጃምን የሚያሳያቸው ቢያጡ በልባቸው ይዘውት ኖሩ፤ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ የልቦለዱን ማንኩሳ በስክሪን አይተው፣ አንዲት ቀይ ልብ ልከው ይተኙ ነበር፤ እኛም ያን የሚያህል መጽሐፍ ከመሸከም በዳንን ነበር።

ወረቀት ያልወጣለትን፣ የአሠሪዋ በር የተቆለፈባትን፣ መንገዱን የፈራውን አልነካም። ለእነሱ ስልኩ እውነትም ሲሳይ ነው። ነገሬ ፓስፖርቱ በኪሱ ሆኖ ዕረፍቱን ዱባይ ጨርሶ ሲያበቃ «አገሬን በየቀኑ አያታለሁ» ከሚለው ጋር ነው። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ እሱ ግን አባይ በረሃን የሚሻገረው በቲክቶክ ነው።

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ ይህ ሁሉ ፈውስ በአንዴ ደረቀ። መቋረጡን ማመስገኔ አይደለም፤ ስንቱን ነጋዴና ተማሪ ጎድቷል። ግን መስመር በተገኘ ቀን በተራ ስልክ የደወለ ልጅ የሚያየው ነገር ስላልነበረው መጠየቅ ግድ ሆነበት። «እንዴት አደርሽ? ጉልበትሽስ?» አለ። እናትየውም ተቀምጣ መለሰች።

እንግዲህ ናፍቆት ተሸነፈ የተባለው ውሸት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተባሮ ደብረ ማርቆስ ገብቷል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጓሮ ለጓሮ መብራት ይዞ ይዞራል። ወንድሜ፣ ላሚቱን አይተሃታል፤ ደህና ናት። አሁን ቪዲዮውን አጥፋና እናትህ አረፍ ትበል። ለፋሲካ ደግሞ ትኬት ቁረጥ።