ብር ለምን ፊት ቆመ?

ተረት ተረት። ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ልብስ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንዱ፣ በዱቤ ደብተር ውስጥ 5፣ ሁለት ዜሮዎችና ብር ይኖሩ ነበር። የአንድ ሸማኔ የክር ዕዳ ናቸው። ሰው «አምስት መቶ ብር» ስለሚል፣ ብር ሁልጊዜ ከኋላ ይሰለፋል።

ይህ አንገበገበው። «ያለ እኔ ምንድን ናችሁ? አምስት መቶ ምን? ሽንኩርት?» አላቸው። ግድግዳው ላይ ለጌጥ ለተንጠለጠለችው ለእማማ ጠገራም አቤት አለ። እማማ ጀርባዋ ላይ 1780 የተጻፈባት የማርያ ቴሬዛ ብር ናት፤ ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላ እንኳ ገበያው እሷን አለቅም ብሎ ኖሯል።

«ልጄ» አለችው፣ «እኔ በእጅ ስቆጠር የኖርኩ ነኝ፤ የወረቀት ፊትና ኋላ አላውቅም። ቱሪስቶቹ ሲያወሩ እንደምሰማው ግን ፓውንድና ዶላር ፊት ይቆማሉ። ዩሮ ፈረንሳይ አገር ከኋላ ይቆማል፤ ዋጋው አልቀነሰም። ካልክ ሂድ፤ ብቻ ከ5 እንዳትርቅ።»

ብር የመጨረሻውን ቃል ሳይሰማ ፊት ወጣ። በማግስቱ 5 «ጋሼ» ይለው ጀመር፤ ዜሮዎቹ «ጌታው» አሉት። እሱም ከተራ ቁጥር ጋር ትከሻ ለትከሻ መቆም ነውር መሰለውና ፈንጠር አለ።

በደብተሩ ኅዳግ ማታ ማታ የሚዞር አንድ ሥራ ፈት ቀጭን 1 ነበር። (በየሰፈራችን አለ፤ ቦታ ስለማይዝ ማንም ልብ አይለውም።) በክፍተቷ ሰተት ብሎ ገባ። ዜሮዎቹ ቢጮኹ ብር ዞር ሳይል «ከኋላዬ ያለው አያገባኝም» አለ። ሸማኔው ሒሳብ ሊዘጋ ሲመጣ ገጹ «ብር 1500» ይላል። ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት! ልዩነቱን ጋቢ እየሸመነ ከፈለ። ብር አንዲት ሳንቲም አልወጣበትም።

ነገሩ ሲጣራ እስክሪብቶ ደንብ አወጣ። ብር ቁጥሩ ላይ ተለጥፎ በር ይጠብቅ፤ ከቁጥሩ ኋላ ሰረዝ ይሳብ፤ እሱም እንዳይበቃ በፊደል «አምስት መቶ ብር ብቻ» ተብሎ ይደገም። ስለዚህ ብር በአንድ ወረቀት ላይ ፊትም ኋላም ይቆማል፤ በፊደሉ መስመር ጭራሽ «ብቻ» ከኋላው ይጠብቀዋል። እሱ ግን እስከ ዛሬ፣ ፊት የቆምኩት ተከብሬ ነው ይላል።

እናንተ ደረሰኝ ስትቀበሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በብሩና በቁጥሩ መካከል ያለችውን ቦታ እዩ።