ልቃቂት በቴሌግራም

እናንት እኩዮቼ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰክታችሁ ስትፈልጉት የምትውሉ ሁሉ፣ ኑ ጠጋ በሉ፣ አብረን እናማርር። ለወጣቶቹማ ብነግራቸው ከጆሯቸው የሰኩትን ሳያወጡ "እሺ ማዘር" ብለው ያልፉኛል። ማዘር! እትዬ ማለት ያንቃል? ስምንተኛው ሺህ ገባ ሲሉ አላምንም ነበር፤ አሁን አምኛለሁ።

እኔ መንዝ ተወልጄ ሽሮ ሜዳ ያረጀሁ ጥጥ ፈታይ ነኝ። ለሸማኔዎች ማግ እፈትላለሁ፣ ለጥለት የሚሆነውንም ክር እነክራለሁ። ድሮ ይህን ያህል መናገር ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ግን ሥራዬ ምን እንደሆነ የሚነግሩኝ ሌሎች ሆነዋል። ለጥቃቅንና አነስተኛ ሥልጠና ተብለን ተሰብስበን፣ አንድ ለግላጋ ልጅ "እማማ፣ እርስዎ እኮ ሥራ ፈጣሪ ነዎት፤ ቢዝነስ ፕላንዎ የት አለ? ሎጎዎስ?" ብሎ አፋጠጠኝ። ልጄ፣ እመቤታችን መልአኩ ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ ትፈትል ነበር ብለው አባቶች ያስተምሩናል፤ ሎጎ አምጪ ያላት አልነበረም። ይህን ብለው ሳቀና ለምሳ ተነሣን። ምሳው ደህና ነበር፤ ድሮ ቢሆን ግን የበለጠ ይጥም ነበር።

ድሮማ ጥጡ ራሱ ጨዋ ነበር። ከአዋሽም ይምጣ ከመተማ፣ መዳመጫ ብረቱን ድንጋዩ ላይ ስናንከባልልበት ፍሬው እሺ ብሎ ይወጣል። በደጋን ሲነደፍ ወዲያው ይነፋል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ሲሆን እጅ ላይ አይከብድም፤ እንዝርቱን ጭናችን ላይ ሽር አድርገን ስንለቀው ብቻውን ይሾራል። ክር አይበጠስም ነበር። ወገብ አያምም ነበር፤ ወገብ የሚባል ነገር መኖሩንም ያወቅነው በቅርቡ ነው። ሴቱ አንድ ቤት ተሰብስቦ ቡና እያፈላ ሲፈትል ሐሜት አይታወቅም፤ የሰው ስም ብናነሣም ለማረም ነው። ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ከሰዓት አርመን እንነሣ ነበር።

ታማኝነቱስ! አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልቃቂት በሚዛን ስትሸጥ እንዲከብድላት መሐሉ ጠጠር ትከት ነበር። ግን ጠጠሩን አጥባ ነው የምትከተው። የዛሬ ነጋዴ ይህን ያህል ይጨነቅልሻል?

ባለሙያ መከበሩስ! አገሩ ባለሙያን ከማክበሩ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነገሩ። እስቲ ዛሬ እንዲህ ያለ አዋጅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬማ የሚሰድበንም የለ።

ደግሞም ሁሉ ነገር የአገር ቤት ነበር። ቀዩን ጥለት እንኳ የጥንት ሸማኔዎች የሚሠሩት ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ጨርቅ ተተርትሮ በሚገኘው ክር ነበር፤ ተርታሪው ግን የአገር ልጅ ነው። የዛሬውን እዩት! ጥለት በማሽን ጨርቅ ላይ ታትሞ ይመጣል። ገልብጣችሁ ብታዩት ጀርባው ገርጥቷል። ያንን ለብሰው ለጥምቀት ይወጣሉ፤ ታቦቱ እንኳ አያፍርባቸውም። ለልጅ ልጄ አንድ ገዝቼላታለሁ፤ እሷ ግን ልጅ ናት፣ ታቆሽሸዋለች፣ ለእሷ ፈትል ማባከን ነው።

የፋብሪካ ክር ደግሞ አለላችሁ። ወዝ የለው፣ ሙቀት የለው። ድሩንማ የፋብሪካ አድርጉት እላለሁ እኔም፤ የእጅ ክር ድር ከሆነ ሸማኔው መቀጠል ነው ሥራው። ማጉ ግን የእጅ ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለየትኛው ክር እንደሆነ አላውቅም፤ የፋብሪካ እንዳልሆነ ግን እምላለሁ።

ቀለምማ ድሮ ስሙን ሲጠሩት ይታወቅ ነበር። ቀይ ቀይ ነው፣ ቢጫ ቢጫ ነው፣ አረንጓዴም ባንዲራ ላይ ያለው ነው። ዛሬ ፒች መጣ፣ ሚንት መጣ፣ ቦርዶ መጣ። ሙሽራዋ ፎቶ ትልክልኛለች፤ በእኔ ስልክ ብርቱካናማ ነው፣ በልጄ ስልክ ሮዝ ነው፣ በሸማኔው ስልክ ደግሞ መስታወቱ ስለተሰነጠቀ ባለ ጥለት ሆኖ ይታያል። "ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ" ትለኛለች። እንደየትኛው?

መንከር ማለት ደግሞ ጥዶ ማውጣት ይመስላቸዋል። ልቃቂቱ መጀመሪያ ተፈትቶ በእጅና በክርን መካከል ይጠመጠማል፤ ያለዚያ ቀለሙ መሐሉ አይደርስም። ከዚያ ቅባቱን እስኪለቅ በሳሙና ይቀቀላል፤ ቅባቱ ያልወጣ ክር እዚህ ጋ ይጠጣል፣ እዚያ ጋ ይተፋል። ቀለምና ጨው በገባበት ፍል ውሃ ውስጥ በእንጨት እያማሰሉ መቆም አለ። የሚታጠብበት ውሃ እስኪጠራ ማለቅለቅ አለ። ጥላ ላይ ማስጣት አለ። ይህን ሁሉ ጨርሼ ስወጣ እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ነው፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። እሱስ ደግ ነው፣ ተመችቶኝ እሄዳለሁ።

"ኦርጋኒክ ነው ወይ?" ይሉኛል ደግሞ። እርድ ቢጫ ያወጣል፣ የሽንኩርት ልጣጭም ደህና ቡናማ ይሰጣል። ግን እርድ ፀሐይ ሲያይ ይሸሻል፤ ለሠርጉ የነከራችሁት ለመልሱ አይደርስም። የአያቶቹን ቀለም የጣለ ትውልድ ምን ይባረካል! እኔ የምነክረው ከመርካቶ በማመጣው የዱቄት ቀለም ነው፤ እሱ ግን እንደ አገር ቤት ቀለም ይቆጠራል፣ ሻጩን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ይባስ ብሎ ልጄ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተችልኝ። የፈተልኩት ልቃቂት ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል፤ ሰው ልብ ሰጥቶት ያልፋል። ልብ ምን ይሠራልኛል፣ ልቃቂቱን ውሰዱት እንጂ! የሚገዛው ደግሞ ሰላም ሳይል "ላስት ስንት ነው?" ይላል። እንዴት አደርሽ የለ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው የለ። ገንዘቡንም በስልክ ይልኩታል። ድሮ ብር በመቀነት ተቋጥሮ ይኖር ነበር፤ ስተኛ ይሰማኛል፣ ስነሣ ይሰማኛል። አሁን ኔትወርክ ሲጠፋ ሀብታም ልሁን ድሃ አላውቅም። ትእዛዙም ከመብዛቱ የተነሣ ትንፋሽ አሳጣኝ። ድሮ እንዴት ያለ ሰላም ነበር! ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ብትፈትሉ የሚገዛችሁ የለም።

እኔ በበኩሌ ስልክ አልወድም። ሳልሞላው ከቤት አልወጣም፤ እሱ ለሥራ ነው። ማታ የማየውም የቱርክ ፊልም ለእንዝርቱ ብዬ ነው፤ ጸጥ ባለ ቤት ክር ይወፍራል።

አሜሪካ ያሉትስ! ዋሽንግተን የምትኖር ደንበኛዬ ጋቢ አዘዘች። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ በእጅ የተፈተለ ማግ ነው፣ እስኪያልቅ ክረምቱ ወጣ። ደረሳት፣ ወደደችው፣ አጠበችው፣ ከዚያ በሚያደርቀው ማሽን ውስጥ ከተተችው። በእኛ እኩለ ሌሊት ደወለችና "እትዬ፣ ጋቢው ለልጁ ሆነ" አለችኝ። ጥጥ በሙቀት እንደሚኮማተር እዚያ ትምህርት ቤት አያስተምሩም? ቢሆንም እትዬ ስላለችኝ ልቤ ራራና ሌላ ጀመርኩላት።

መንዝማ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እናቶቻችን የበግ ጠጉር ፈትለው፣ ወንዶቹ ባና ሸምነው፣ አንዱ ባና ዕድሜ ልክ ያገለግል ነበር። አያልቅም፤ ስለሚቆረቁር ደጋግሞ የሚለብሰው የለም።

አሁን ሁሉም የእጅ ሥራ ይወዳል፤ በማሽን ፍጥነት፣ በማሽን ዋጋ እንዲሆንለት ግን ይሻል። አንዲት ልጅ ፈትል ልማር ብላ መጥታ በሁለተኛው ቀን ሰርተፍኬት ጠየቀችኝ። ሰርተፍኬቱ ክሩ ነው፤ ሳይበጠስ አንድ ልቃቂት ከሞላሽ ተመርቀሻል አልኳት። አኮረፈች። ሳትመጣ ብትቀር ስልኬን ማን ያስተካክልልኛል ብዬ እኔው ደወልኩላት።

እንግዲህ ስሙኝ። ጋቢ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ በጥላ ይሰጣል። በእጅ በተፈተለ ነገር ላይ እንደ ቲማቲም አትከራከሩ። ለጥምቀት የፈለጋችሁትን በመስከረም እዘዙ፤ በታኅሣሥ መጥታችሁ ብታለቅሱ አልሰማም። የቸኮላችሁ ካላችሁ ግን በቴሌግራም ጻፉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ነቅቻለሁ።